ኬኩ ተቆረሰ፣ መጽሐፉ አልተገለጠም

እሑድ ከሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ መጽሐፍ የማይመረቅበት አዳራሽ ማግኘት ከባድ ሆኗል። ወመዘክር ምረቃ አለ፣ ሀገር ፍቅር ምረቃ አለ፣ ብሔራዊ ቴአትር ምረቃ አለ፤ ሆቴሎቹም ከሠርግና ከዎርክሾፕ የተረፋቸውን ቀን ለደራሲ ያከራያሉ። ይህን ከሩቅ የሰማ ሰው «ምን ዓይነት አንባቢ ሕዝብ ነው!» ብሎ ሊቀናብን ይችላል። ይቅና። ወንበሩ ላይ ተጎልተን የምንውለው እኛ ግን ጉዳችንን እናውቀዋለን። አንባቢው መጽሐፉን አንብቦ እንዳይመጣ መጽሐፉ ገና ዛሬ ነው የሚወጣው። አንብበው መምጣት የነበረባቸው ተናጋሪዎች ደግሞ አላነበቡም።

የጥሪ ካርዱ 8 ሰዓት ይላል። 8 ሰዓት ላይ የሚገኙት ባነር የሚሰቅለው ልጅና ከክፍለ ሀገር የመጡት የደራሲው አክስት ብቻ ናቸው። ወደ 9 ሰዓት ግድም ሞንታርቦው «ሄሎ ሄሎ» ማለት ይጀምራል፤ ከዚያ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ የክላሲካል ሙዚቃ። የክብር እንግዳው መንገድ ላይ ናቸው ይባላል። የእኚህ ሰው መንገድ እንዴት ያለ መንገድ እንደሆነ እንጃ፣ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ናቸው። ሲደርሱ ሁላችንም እንነሣለን፣ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ይዛወራሉ፣ መድረክ መሪውም የመክፈቻ ግጥሙን ሦስት ጊዜ ያነበንበዋል።

ከዚያ ንግግር። የማኅበር ተወካይ ይናገራል፣ የስፖንሰር ተወካይ ይናገራል፣ የደራሲው የቀድሞ አስተማሪ ይናገራሉ፤ እሳቸውስ ይናገሩ፣ ቢያንስ ልጁን ያውቁታል። የቀሩት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ተካፍለው የመጡ ይመስል ሁሉም በአንድ ቃል ይጀምራሉ፦ መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ ለማየት ጊዜ ባላገኝም። ጊዜ ያላገኘ ሰው 25 ደቂቃ የሚናገርበት ጊዜ ከየት እንደሚያመጣ ይገርመኛል። ስለ ንባብ ጥቅም ይነግሩናል። ትውልዱ እንደማያነብ ይነግሩናል። ይህን የሚነግሩት እሑድ ከሰዓቱን ትቶ፣ ታክሲ ተጋፍቶ፣ ለመጽሐፍ ብሎ አዳራሽ ለመጣ ሰው ነው። የማያነበው ትውልድ ቤቱ ኳስ እያየ ነው፤ ወቀሳውን የምንቀበልለት እኛ ነን።

ዳሰሳ አቅራቢው እንኳ ሲመጣ፣ ማለትም በእርግጥ ያነበበው ብቸኛው ሰው፣ እሱም የራሱን በደል ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ 14 ገጽ ነው። ቅርጽ፣ ይዘት፣ መቼት፣ ገጸ ባሕርይ እያለ፣ በየመሐሉ የውጭ ሊቃውንትን ስም እየጠራ፣ እንደ ዩኒቨርሲቲ ማሟያ ጽሑፍ ያነብልናል። ገና ያልገዛነውን ልቦለድ ማን እንደሚሞት፣ ማን ማንን እንደሚያገባ፣ የጠፋው ወንድም የት እንደተገኘ ዘርዝሮ ነግሮን «መጨረሻውን ለአንባቢ ልተወው» ይላል። ምን ቀረና?

ቀጥሎ ነጩ ሐር ይገለጣል። መጽሐፉ ከሥሩ ብቅ ሲል ይጨበጨባል፤ ስልኮች ሁሉ ይነሣሉ። የመጽሐፉን ሽፋን በክሬም የሣሉበት ኬክ ይቀርባል። የክብር እንግዳው ቢላዋውን ከደራሲው ጋር ይዘው ሽፋኑን መሐል ለመሐል ይቆርሱታል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የሠርግ ሥርዓት ሁሉ አለ፤ ሚዜው፣ ቪዲዮ ቀራጩ፣ የዘመድ ወግ፣ ከበር ላይ የሚቀመጠው ፖስታ፤ የጎደለችው ሙሽራዋ ብቻ ናት። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ፣ አንዲት ገጽ፣ በደራሲው አንደበት ሳይነበብ ያለቀ ምረቃ ላይ ተቀምጫለሁ። ደራሲው መድረክ ላይ የወጣው ምስጋና ለመዘርዘር ነበር፤ ስም ዘልሎ ቤተሰብ ውስጥ ቅያሜ እንዳይገባ በሁለት እጁ ወረቀት ይዞ ላቡን ይጠርግ ነበር።

አሁን አሁን ደግሞ ጨረታ መጥቷል። መድረክ መሪው አንድ ኮፒ ወደ ላይ ያነሣና የመጀመሪያው ቅጂ ነው ይላል። በ10 ሺህ ይጀመራል፣ 50 ሺህ ይደርሳል፣ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሱ ባለሀብት መቶ ሺህ ብር ይሉና አዳራሹ ይናወጣል። ገንዘቡ ለደራሲው ኪስ ከገባ እሰየው፤ ማተሚያ ቤት ያለበትን ዕዳ ይከፍልበታል። እኔ የተቃጠልኩት ባለሀብቱ ፎቶ ተነሥተው ሲወጡ መጽሐፉን ወንበራቸው ላይ ረስተውት ሲሄዱ በማየቴ ነው። አስተናጋጇ ከውኃ ጠርሙሶቹ ጋር አነሣችው።

ልብ በሉ፣ በዚያው ሰዓት በር ላይ ምን እየሆነ እንደነበር። ከበሩ በስተግራ በኩል የደራሲው እኅት ወይም የአጎት ልጅ መጻሕፍቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ተቀምጣለች። የጀርባው ሽፋን ላይ የታተመ ዋጋ አለ፤ የምረቃ ዋጋ የሚባልም አለ፤ የቱ እንደሚሠራ ልጅቷ አታውቅም፣ ሰው ልካ ታስጠይቃለች። አንድ ተማሪ የሚመስል ልጅ 500 ብር አወጣ፤ መልስ የለም። «በቴሌብር ይላኩልኝ» አለችው፤ ኔትወርክ የለም። ከኋላው የቆሙ ሴትዮ ደረሰኝ ጠየቁ፤ ሊከሳት የመጣ ሰው ያየች ይመስል ደነገጠች። ልጁ ብሩን መልሶ ኪሱ ከተተና ኬኩ ወዳለበት ሄደ። ውስጥ አንዱ ኮፒ በመቶ ሺህ ይሸጣል፣ ውጭ በሽፋን ዋጋው የሚሸጥለት ሰው ጠፍቷል።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ሁሉ ሳጉረመርም ሲሰሙ «ሥነ ጽሑፉ ወደ ንግድ ስለተለወጠ ነው» ይሉኛል። አይደለም። ንግድ ቢሆንማ በወጣልን! ንግድ የሚያውቅ ሰው ዝርዝር ብር ይዞ ይመጣል። ንግድ የሚያውቅ ሰው ዋጋ ይለጥፋል፣ ደንበኛ ሲመጣ ብድግ ይላል፣ ዕቃው ሲያልቅበት ሌላ ያስመጣል። የእኛ ነገር ባህል ነው ተብሎ ከንግድ ሥራው ያመለጠ፣ ንግድ ነው ተብሎ ከባህሉም ያመለጠ ነው።

የዓለም የመጽሐፍ ቀን ተብሎ በእኛ ሚያዝያ 15 ላይ የሚውለውን በዓል ውሰዱ። ዩኔስኮ ያወጀው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ሥሩ ግን ካታሎኒያ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ባርሴሎና ይሠራ የነበረ ቪሴንቴ ክላቬል የተባለ አሳታሚ ነበር፤ አሳታሚ እንጂ ፈላስፋ አይደለም፣ የፈለገውም መጽሐፍ እንዲሸጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 በኦክቶበር ተጀመረ፣ በ1930 ደግሞ ወደ ኤፕሪል 23 ተዛወረ፤ ቀኑ የሰርቫንቴስ መታሰቢያ ነው፣ የቅዱስ ጊዮርጊስም ቀን ነው። (እኛም ጊዮርጊስን ሚያዝያ 23 እናከብራለን፤ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ቀኑ ግን ይለያያል። ሼክስፒርና ሰርቫንቴስ በአንድ ቀን ሞቱ የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ እንግሊዝና ስፔን ያኔ የተለያየ ካላንደር ይቆጥሩ ነበር። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ግን በየዓመቱ የሚያዝያ 15 መድረክ ላይ በአንድ ቀን ሞቱ እየተባለ ይነገረናል።) በባርሴሎና በዚያ ቀን ሻጮች ጎዳናው ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ይውላሉ፣ ደራሲዎች ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጠው ይፈርማሉ፣ ሰው ጽጌረዳና መጽሐፍ ገዝቶ ለሚወደው ይሰጣል። ገበያ ነው። ማንም አላፈረበትም። በዓሉም የደመቀው ገበያ በመሆኑ ነው።

እኛ ዘንድ የመጽሐፍ ዐውደ ርዕይ ሲከፈት የመጀመሪያው ነገር ሪባን ነው። ሪባኑ እስኪቆረጥ ገዢ አይገባም። ከገቡ በኋላ ደግሞ ከመግቢያው ጀምሮ ያሉት ቦታዎች የመጽሐፍ አይደሉም፤ የፀጉር ቅባት፣ የጁስ መፍጫ፣ የቤት ሽያጭ ወኪል፣ ፈንዲሻ። ቦታው ውድ ነውና መጽሐፍ ሻጭ አይችለውም፣ አዘጋጁም ሒሳቡን መዝጋት አለበት፤ ገብቶኛል። የማይገባኝ ሞንታርቦው ነው። ሰው መጽሐፍ ገልጦ ሁለት መስመር አንብቦ ልግዛው ወይስ ልተወው የሚልበት ቦታ ላይ የሠርግ ዘፈን እንደዚያ አድርጎ መልቀቅ ምን ይሉታል? አንዱን ሻጭ ስለ አንድ ትርጉም መጽሐፍ ጠየቅሁትና ሁለታችንም ጮኸን ጮኸን በመጨረሻ በእጅ ምልክት ተግባባን። ገዛሁት። ቤት ስገባ ሌላ መጽሐፍ ሆኖ አገኘሁት።

ሻጩንም አልፈርድበትም። ጠረጴዛው ላይ ከደረደረው ግማሹ እንዴት ሀብታም እንደምሆን፣ እንዴት ጠዋት 11 ሰዓት እንደምነሣ፣ እንዴት ሰው እንደማሳምን የሚያስተምር ትርጉም ነው፤ የዋናውን ደራሲ ፈቃድ ጠይቆ የተረጎመው ስንቱ እንደሆነ አትጠይቁኝ። የሚሸጥለት እሱ ነው። ልቦለዱ ከታች ተደርድሯል፣ ግጥሙ ከካርቶኑ አልወጣም፣ የልጆቹ መጽሐፍ ላይ የሻጩ ምሳ ዕቃ ተቀምጧል።

ደጅ ላይ ያየሁትን ግን አልረሳም። መጽሐፍ አዟሪው ከቀበቶው እስከ አገጩ ድረስ ደራርቦ ቆሟል፤ ከሥር መዝገበ ቃላቱ፣ ከመሐል ታሪኩ፣ ከላይ ሰሞኑን የወጣው ልቦለድ፣ ሽፋኑ ወደ አላፊ አግዳሚው ዞሮ። ለገሃርና አራት ኪሎ አካባቢ በአካሄዱ የማውቀው ሰው ነው። የትኛው መጽሐፍ ስንተኛ እትም እንደሆነ፣ የትኛው እትም ላይ ገጽ እንደተዘለለ፣ የትኛው ደራሲ እንደገና ሊያሳትም እንደሆነ ከማንኛውም ዳሰሳ አቅራቢ ይልቅ ያውቃል። የበሩ ጥበቃ «ባጅ አለህ?» አለው። የለውም። «እንግዲያው ከበሩ ራቅ በል» ተባለ። የፈንዲሻው ጋሪ ገባ። አዟሪው ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ውስጥ 600 የሚሉት እኔ ጋ 500 ነው» አለኝ፤ ከበሩ ራቅ ብለን ተገበያየን። መልስ ነበረው!

የዋጋ ነገር ከተነሣ፣ ደራሲዎቹንም ላዝንላቸው ይገባል፤ አዝናለሁም። ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ ፕሌቱ ከውጭ በዶላር የሚመጣ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ባንክ ቤት 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶ ብርን ተሻገረ፤ የማተሚያ ቤት ዋጋ ማቅረቢያ ላይም «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለአጭር ጊዜ ነው» የምትል መስመር ገባች። ደራሲው አሳታሚ የለውም፤ ራሱ አሳታሚ ነው። ዕቁቡን አስቀድሞ ይወስዳል፣ ከአማቹ ይበደራል፣ መኪናውን የሚሸጥም አለ። አከፋፋዩና መደብሩ ከሽፋን ዋጋው ላይ ቀላል የማይባል ድርሻ ያነሣሉ፣ ገንዘቡንም የሚያመጡት ሲሸጥ ነው፤ ሲሸጥ መቼ እንደሆነ ደግሞ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በሦስተኛው ሳምንት መጽሐፉ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ፒዲኤፍ ሆኖ ቴሌግራም ላይ ይወጣል። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል፤ ቴሌግራሙ ግን አላነበበውም።

እንግዲህ እንዲህ የተጨነቀ ሰው ለአዳራሽ፣ ለባነር፣ ለቪዲዮ፣ ለኬክና ለክብር እንግዳው ውኃ ያን ያህል ሲያወጣ ሳይ አንጀቴ ያርራል። ስጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ ሳይመረቅ ቢቀር ሰው ምን ይላል? ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉት ኢትዮጵያውያን ዘንድም ያው ነው ይሉኛል፤ እዚያ ደግሞ ከምረቃው በኋላ እራት አለ፣ ክትፎው የመጽሐፉን ዋጋ ያስረሳል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ሲወጣ ኬክ ተቆርሶለት እንደሆነ አላውቅም፤ የማውቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰው ሥራውን ትቶ ማድመጡን ነው። አንባቢ የተፈጠረው መጽሐፉ ራሱ ስለተነበበ ነው፤ ስለ ንባብ ጥቅም ስለተነገረ አይደለም። «ኦሮማይ» በ1975 ወጥቶ ወዲያው ሲታገድ የክብር እንግዳ ሊገኝለት ቀርቶ በግልጽ ይዞ መሄድም የሚያስፈራ ነበር፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ተነበበ። በየሰፈሩ ሱቅ መጽሐፍ ይከራይ የነበረበትን ዘመንም የእኔ እኩዮች ያስታውሳሉ። መያዣ ታስይዛላችሁ፣ ሒሳቡ በቀን ነው፣ ስለዚህ ሌሊቱን አብርታችሁ ትጨርሳላችሁ፤ እናት መብራት አጥፉ ትላለች፣ ሒሳቡ ግን ይቆጥራል። የመጨረሻዎቹ ገጾች አብዛኛውን ጊዜ ተገንጥለው ጠፍተዋል፤ ከእኛ ቀድሞ የተከራየውን ልጅ ፈልገን መጨረሻውን እንጠይቀው ነበር። ያ ንግድ ነበር፣ ባለሱቁ ለባህል ብሎ አልነበረም የሚያከራየው። ንባብ ለሕዝብ ደርሶ የነበረውም በእነዚያ ሳንቲሞች ነው።

አሁን ያለው የንባብ ሳምንት ነው። ትምህርት ቤቶቹ ልጆቹን ቲሸርት ያለብሷቸዋል፤ ቲሸርቱ ላይ ትልቁ ጽሑፍ የስፖንሰሩ ነው። ልጆቹ ስለ መጽሐፍ ግጥም ያቀርባሉ፣ መጽሐፍ መስለው ድራማ ይሠራሉ፣ ወላጅ ያጨበጭባል። በአንዱ እንዲህ ያለ በዓል ላይ የዘመድ ልጅ ላይ ሄጄ ቤተ መጻሕፍቱን ላየው ብዬ ጠየቅሁ። በሩ ላይ ቁልፍ፣ መስኮቱ ላይ አቧራ፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ካርቶናቸው እንኳ ያልተከፈተ መጻሕፍት ይታያሉ፤ የሆነ ድርጅት በሌላ የንባብ ሳምንት የለገሳቸው ናቸው። ቁልፉ ማን ጋ ነው? ንብረት ክፍል። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ የት ናቸው? ለበዓሉ ወንበር እያስጫኑ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። መጽሐፍ ቢጠፋ እኚህ ሰው ከደመወዛቸው ይከፍላሉ፣ መጽሐፍ ባይነበብ ግን የሚጠይቃቸው የለም፤ እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን እቆልፈዋለሁ።

ታዲያ የሚያመሰግኑት ነገር ጨርሶ የለም ወይ ካላችሁኝ፣ አለ። ራስ ሆቴል ይካሄድ የነበረውን ግጥም በጃዝ አስቡት። ሰው የመግቢያውን ከፍሎ ይገባል፣ ባንዱ ይጫወታል፣ ገጣሚው ወጥቶ ግጥሙን ያነባል። ግጥሙን! ስለ ግጥሙ አይደለም። ወንበር ሞልቶ ሰው ቆሞ ሲያዳምጥ ነበር። የመግቢያ ዋጋ በመጠየቁ ማንም ባህል ረከሰ አላለም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ከተከፈተ ወዲህም አራት ኪሎ ላይ ወጣቶች ቦታ ለመያዝ ጠዋት ሲሰለፉ አያለሁ፤ ያለ ኬክ፣ ያለ ክብር እንግዳ። ይህንኑ ለአንድ የዐውደ ርዕይ አዘጋጅ ነግሬው «እነሱ እኮ ለፈተና የሚያጠኑ ናቸው» አለኝ። ይሁኑ! ሞንታርቦ ሳይጠራቸው መጥተዋል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ የጥሪ ካርድ ደርሶኛል፤ የጎረቤቴ ልጅ የመጀመሪያ ልቦለድ ነው፣ መቅረት አይቻልም። አባቱን መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ሦስት ነገር ለመንኋቸው፦ በር ላይ የሚቀመጠው ልጅ ዝርዝር ብር ይኑረው፣ ልጅዎ ከመጽሐፉ ቢያንስ አምስት ገጽ ያንብብልን፣ ዳሰሳ አቅራቢውም ማን እንደሚሞት አይንገረን። «ዝርዝሩን እኔ ከታክሲ ተራ አመጣለሁ፣ ንባቡንም እነግረዋለሁ» አሉኝ። «ዳሰሳ አቅራቢው ግን የልጁ አማካሪ ነው፤ እሱን እንዴት ብዬ ነው የምናገረው? ለማንኛውም ጀግናው መጨረሻ ላይ ነው የሚሞተው።»